ወሎ ተቀምጦ መጽሐፍ ማሳተም፦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካርቶን

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ "መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው" ያላለ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ለሰባት ዓመት ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው "ጎበዝ!" ይላል። ሦስተኛው ዓመት ላይ "እስካሁን?" ይላል። ሰባተኛው ላይ ማንም አይጠይቅም።

ሰባት ዓመት የፈጀብኝ መጻፉ አልነበረም። መጽሐፍ ማለት አዲስ አበባ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሳታሚው እዚያ፣ አከፋፋዩ እዚያ፣ አንባቢውም እዚያ። "አንድ ቀን ወጣ ብዬ እጨርሰዋለሁ" እያልኩ ቀረሁ። አሁን ሳየው፣ አዲስ አበባ በግድ የሚያስኬደው ጉዳይ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። መጻፉም፣ መታረሙም፣ የመጀመሪያዎቹ 300 ኮፒ መሸጡም እዚሁ ያልቃል። እንዲያውም እዚሁ ሲሆን ይቀላል። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንድ፦ መጽሐፉን በአንድ ትንፋሽ ንገሩ

"ስለ ወሎ ልጽፍ ነው" ርዕስ አይደለም። ግሸንም ወሎ ነው፣ ባቲም ወሎ ነው፣ ላስታም ወሎ ነው። ጓደኛችሁ ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ መጽሐፋችሁ ስለምን እንደሆነ መንገር ካልቻላችሁ፣ ገና አልያዛችሁትም።

"በ77ቱ ድርቅ ከቤተሰቧ የተለያየች ልጅ፣ ከ30 ዓመት በኋላ መንደሯን ልትፈልግ ስትመጣ።" ይህ ተይዟል። "በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል የሚደልል አባት፣ ሰው አገር የሄደ ልጁ ስልክ ያቆመበት።" ይህም ተይዟል። ዓረፍተ ነገሯን ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መሀል ላይ መንገድ ሲጠፋባችሁ እሷን ነው የምታዩት።

ሁለት፦ በቀን 400 ቃል

መደበኛው የልብወለድ መጠን፣ ማለትም ኤ5 ገጽ፣ ወደ 250 የአማርኛ ቃል ይይዛል። 40,000 ቃል ማለት 160 ገጽ አካባቢ ነው። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ይበቃል፤ ለአንባቢም ለኪስም። በቀን 400 ቃል ከጻፋችሁ በ100 ቀን ረቂቁ ያልቃል። ከመስከረም የጀመረ ጥር ሳይገባ ይጨርሳል ማለት ነው።

በስልክ መጻፍ ነውር አይደለም። እኔ ግማሹን የጻፍኩት ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ስመላለስ ነው። የስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ በዩኒኮድ፣ ማለትም ስልኩም ኮምፒውተሩም ሁሉ በሚያውቀው የፊደል አሠራር ስለሚጽፍ ኋላ ላይ ችግር አያመጣም። ብቻ በየማታው ለራሳችሁ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ላኩት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ይጥለዋል።

በጻፋችሁት ላይ አትመለሱ። ምዕራፍ አንድን አሥራ አራት ጊዜ አስተካክሎ ምዕራፍ ሁለት ያልደረሰ ሰው አውቃለሁ። በመስታወት ነው የማየው።

ሦስት፦ ሽማግሌ ስትጠይቁ

ታሪክ ወይም ታሪክ ቀመስ ልብወለድ የምትጽፉ ከሆነ ወሎ ላይ ሀብታችሁ ሰው ነው። አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ። መጀመሪያ ድምፃችሁን አስገቡና ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ተናገሩ። አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ሃያ ፋይል ይኖራችኋል፣ የቱ የማን እንደሆነ ግን አታውቁም።

የኛ አገር ሽማግሌ ዘመን የሚቆጥረው በክስተት ነው። "የ66ቱ ድርቅ"፣ "ሰገሌ የተዘመተ ጊዜ" ይላል። ይህ ለእናንተ መልካም ነው፣ ማመሳከር ይቻላልና። በ2012 አንድ አባት "ሰገሌ ሲዘመት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሠራዊቱን አይቻለሁ" አሉኝ። አቤት ደስ ሲለኝ! ማታ ቤት ገብቼ ደመርኩ። ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተዋጉት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። እንግዲህ ያ አባት 110 ዓመት ሊሆናቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ብስክሌት ይነዳሉ።

ሄጄ "ዋሹ" አላልኩም። "አባባ፣ ይህን ማን ነበር የነገረዎት?" አልኩ። "አባቴ ነዋ!" አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። አባታቸው ሁልጊዜ "እኔ" እያሉ ሲተርኩላቸው አድገው፣ እሳቸውም "እኔ" እያሉ ወረሱት። መጽሐፌ ውስጥ የገባው ታሪኩ ብቻ አይደለም፣ ይኸው አወራረሱም ገብቷል። ከሰማሁት ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። ስለዚህ የሰማችሁትን ደምሩ፣ ከመጽሐፍም አመሳክሩ። ሳይገጥም ሲቀር ግን ቶሎ አትጣሉት፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

አራት፦ ቡና ላይ አንብቡት

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለሦስት ሳምንት አስቀምጡት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቡ። ለጸሐፊ ጓደኛ አይደለም፣ እሱ ያመሰግናችኋል። መጽሐፍ ለማይገዛ ግን ወሬ ለሚወድ ሰው አንብቡ።

እኔ ያነበብኩት ለአክስቴ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪዬ ከባቲ ኮምቦልቻ በእግሩ ይሄዳል። አራት ገጽ ሙሉ ይሄዳል። ተራራው ይገለጻል፣ ሰማዩ ይገለጻል፣ ሐሳቡ ይገለጻል። አቦል ወርዶ ቶና ላይ ደርሰናል። አክስቴ ፍንጃል እያጠበች ቀና አለች።

"አንተዋ፣ ይሄ ሰውዬ እህል የሚቀምሰው መቼ ነው?"

"እትየ፣ እሱ አስፈላጊ አይደለም..."

"አስፈላጊ አይደለም? ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ? አንድ ሰው እንኳ 'ና ውኃ ጠጣ' ሳይለው? የማን አገር ነው ይሄ?"

በረካ ሲደርስ ሁለት ገጽ ሰርዤ ነበር። በቦታው አንዲት ሴት ከደጇ ቆማ ሰውየውን ትጠራዋለች፤ እሱ ይግደረደራል፣ እሷ በነቢ ትምልበታለች። አንባቢ ሲያገኘኝ የሚያነሳልኝ ይህንን ቦታ ነው። ሰማዩን ያነሳልኝ የለም።

ስታነቡ ሰሚውን እዩ። ስልኩን ሲያነሳ ገጹ ላይ ምልክት አድርጉ። "እንዴ?" ሲል ምልክት አድርጉ። ምላሳችሁ የተደነቃቀፈበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ረዝሟል፤ ቁረጡት። ንግግር ላይ ደግሞ የአገሩ ሰው እንዲሰማ አድርጉ። ሆኖም በየመስመሩ የወሎ ዘዬ አትርጩ፤ የጎጃምና የአዲስ አበባ አንባቢም አለ። ሁለት ሦስት የታወቁ አባባሎች ሰውየውን ያሳዩታል፣ ሃያ ሲሆኑ ቲያትር ይሆናል።

አምስት፦ አርታኢና ፊደል

ለአርታኢ ገንዘብ መድቡ። ከሽፋን ሥዕል ቀንሳችሁም ቢሆን መድቡ። ደሴም ኮምቦልቻም፣ ወልድያም የአማርኛ መምህር ሞልቷል። በክፍያ የሚሠራ፣ የሚያውቃችሁ ግን የማይፈራችሁ ሰው ፈልጉ።

ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ። አማርኛ ሁለት ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት አ፣ ሁለት ጸ አለው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙ። ገጽ 3 ላይ "መጽሐፍ"፣ ገጽ 40 ላይ "መፅሀፍ"፣ ገጽ 90 ላይ "መጽሃፍ" ከሆነ አንባቢ ባይናገርም ያየዋል። ቀላሉ ዘዴ የሰው ስም፣ የቦታ ስምና በብዛት የምትጠቀሙባቸውን ሃምሳ ቃላት አንድ ገጽ ላይ ዘርዝሮ አጻጻፋቸውን መወሰን ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ እየፈለጋችሁ ተኩ። ዝርዝሩን ለአርታኢው አብራችሁ ስጡት፣ ይመርቃችኋል።

ስድስት፦ ፎንት፣ ማለትም የኔ መከራ

እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ።

መጽሐፌን ኮምፒውተር ቤት አስተየብኩ። ልጁ ፈጣን ነበር፣ የተጠቀመው ግን ዩኒኮድ ያልሆነ የድሮ ፎንት ነበር። በሱ ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ አንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። እዚያ ያ ፎንት የለም። በሌላ ቀየሩት፤ ጽሑፉ ተነበበ፣ እኔም አምስት ገጽ ገልጬ አይቼ "በርቱ" ብዬ ተመለስኩ።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ካርቶኑን ቀደድኩ። ገጽ 11 ከፈትኩ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የሚኖረው። ቧ የምትባል ፊደል የለችም። በቦታዋ ባዶ። "ን ውሃ" ይላል። በገጽ 11፣ በገጽ 14፣ በገጽ 15 ሁለት ጊዜ። በ1,000 ኮፒ። ቋንቋም፣ ጓደኛም፣ ሟርትም እንዲሁ ሆነዋል። የኔ ሰው "ደኛ" አለው፣ "ን" ይናገራል።

ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፦

ጽሑፉ በዩኒኮድ መተየቡን አረጋግጡ። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። በአማርኛ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። እንግዳ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ አይደለም።

ለማተሚያ ቤት የምትሰጡት የመጨረሻ ፋይል ፎንቱ ውስጡ የታቀፈ ፒዲኤፍ ይሁን። ወርድ ፋይል አትስጡ።

የገጽ ቅንብሩ ካለቀ በኋላ አንድ ኮፒ አሳትማችሁ ሙሉውን በእርሳስ አንብቡ። በተለይ ሏ፣ ሟ፣ ቧ፣ ቷ፣ ቋ፣ ጓ፣ ኳ የመሳሰሉትን እያንዳንዳቸውን ፈልጉ። በስክሪን ማየት አይበቃም።

ናሙናውን ሳትፈርሙበት "በርቱ" አትበሉ።

ሰባት፦ መብትና መለያ ቁጥር

መብቱ የእናንተ ነው። በ1996 በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት፣ ሥራው የራሳችሁ ወጥ ሥራ ከሆነና ወረቀት ወይም ፋይል ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ያን ጊዜ ይጀምራል። ዕድሜ ልካችሁን፣ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ መብቱን አይፈጥረውም፤ ክርክር ቢነሳ ግን ማስረጃ ይሆናችኋል። ገንዘብ የሚያወጣላችሁ አሳታሚ ካገኛችሁ እሰየው። ብቻ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚታተመው ኮፒ ብዛት ይጠቀስ፣ የኦዲዮና የኤሌክትሮኒክ መብት በተለየ አንቀጽ ይቀመጥ። "ሁሉም መብት" የምትል ቃል ካያችሁ ብዕራችሁን ኪስ ክተቱ።

የሌላ ሰው ፎቶ፣ በሕይወት ያለ ሰው ግጥም ወይም መንዙማ የምታስገቡ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው በደስታ ይፈቅዳል፤ የሚቀየመው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለው፣ የሚገኘው አዲስ አበባ ካለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር ነው። የብዙ የአገራችን መጻሕፍት ቁጥር 978-99944 ብሎ ይጀምራል። ከሽፋኑ ጀርባና ከመብት ገጹ ላይ ይገባል። መጽሐፉ ሲታተምም ለወመዘክር ኮፒ ታስገባላችሁ። ለማተሚያ ቤቱ ጉዳይ በምትሄዱበት ጊዜ አብራችሁ ጨርሱት።

ስምንት፦ ሂሳቡ

አገራችን ላይ አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሂሳቡን በእርሳስ ሥሩ።

ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጠይቁ፤ የገጽ ብዛት፣ የወረቀት ግራም፣ የሽፋን ወረቀት፣ የኮፒ ብዛት። ካልሆነ ዋጋቸውን ማወዳደር አትችሉም። የገጹን ብዛት በ16 የሚካፈል አድርጉት፤ ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ስለሚሆን፣ 162 ገጽ የሆነ መጽሐፍ ለሁለት ገጽ ብሎ ወረቀት ያስባክናል። ሁለት ገጽ ቁረጡ። የምትቆርጡት አይጠፋም።

ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን ፕሮፎርማ አስገቡበት። አንዱ ኮፒ በ150 ብር ታተመ እንበል፤ 1,000 ኮፒ 150,000 ብር። መሸጫው 350 ብር ይሁን። አከፋፋይና መጻሕፍት ቤት ከመሸጫው ላይ ድርሻ ይወስዳሉ። 40 በመቶ ቢወስዱ እጃችሁ የሚገባው 210 ብር ነው። በዚህ መንገድ ብቻ ከሸጣችሁ ወጪውን ለመመለስ 715 ኮፒ መሸጥ አለበት። በእጃችሁ ብትሸጡ 429 ይበቃል። 300 በእጅ፣ ቀሪውን በአከፋፋይ ካላችሁ 515 ላይ ወጪያችሁ ተመልሷል።

እዚህ ሽጡ የምለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 300 ኮፒዎች አክስትና ዘመድ፣ የድሮ ክፍል ጓደኛ፣ የሰፈር ሰው፣ የዕድር ሰው ናቸው። እነሱ ደግሞ ያሉት ወሎ ነው።

ከ1,000 በላይ አታሳትሙ። ማተሚያ ቤቱ "2,000 ብታደርገው አንዱ ይረክስልሃል" ይላችኋል። እውነቱን ነው። የሚረክሰው መጽሐፍ ግን አልጋችሁ ሥር የሚያድር ነው።

ዘጠኝ፦ ማምጣትና መሸጥ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ካርቶኑ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ጣርማ በር ላይ ዝናብና ጉም የሌለበትን ቀን መርጣችሁ አትሄዱም።

ምረቃ አድርጉ፣ ግን ለሽያጭ እንጂ ለንግግር አይሁን። አምስት ሰው ንግግር ካደረገ ሰው መጽሐፉን ሳይገዛ ይሄዳል፤ የምሳ ሰዓት ደርሶበታል። አንድ ሰው ስለ መጽሐፉ አሥር ደቂቃ ይናገር፣ እናንተ ሦስት ገጽ አንብቡ፣ ከዚያ ፈርሙ። የሽያጩ ጠረጴዛ በር ላይ ይቀመጥ። የቴሌብር ቁጥራችሁ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። መልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። ገንዘብ ተቀባዩ እናንተ አትሁኑ፤ ደራሲ ከዘመዱ ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ "ኧረ ግዴለም" ይላል። እኔ 60 ኮፒ "ግዴለም" ብያለሁ።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። መጽሐፋችሁ መንፈሳዊ ከሆነ መስከረም 21 ግሸን፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ አለ። ስለ መንዙማና ስለ ዑለሞች የምትጽፉ ከሆነ የመውሊድ ሰሞን አለ። ልብወለድ ከሆነ ትምህርት ቤቶችና ወሎ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ካለ "ልሽጥ" ሳይሆን "ላንብብላችሁ" ብላችሁ ሂዱ።

መጻሕፍት ቤትና አዟሪ ጋ ስታስቀምጡ የርክክብ ወረቀት አስፈርሙ፤ ስንት ኮፒ፣ በስንት፣ መቼ እንደሚተሳሰብ። እኔ "የኛው ልጅ ነው" ብዬ ለአንዱ 120 ኮፒ በቃል ሰጠሁ። ስጠይቀው "ገና ነው" ይላል። መደርደሪያው ላይ ግን አንድም የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም፤ ስንት እንደሰጠሁት እሱም ረስቶታል። ወረቀት ቢኖረን ሁለታችንም አንረሳም ነበር።

አሥር፦ ቴሌግራም

አማርኛ አንባቢ ያለው እዚያ ነው። ቻናል መክፈት ያለባችሁ መጽሐፉ ሲወጣ አይደለም፣ ሲጻፍ ነው። በሳምንት አንድ አጭር ነገር ለጥፉ፤ ከረቂቁ የተረፈ ትረካ፣ ከሽማግሌ የሰማችሁት፣ የድሮ ደሴ ፎቶ ከነታሪኩ። መጽሐፉ ሲወጣ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኖራል። "መጽሐፌ ወጣ፣ ግዙ" ብቻ የሚል ቻናል ግን ሰው ድምፁን ያጠፋዋል።

ሁለት ምዕራፍ በነፃ ልቀቁ። የሕትመቱን ፒዲኤፍ ግን ለማንም አትላኩ፣ "ለአስተያየት ነው" ላላችሁም ቢሆን። በሦስተኛው ቀን ቻናል ላይ ታገኙታላችሁ። ካገኛችሁትም ለቻናሉ ባለቤት በጨዋ ደንብ ጻፉለት፤ አንዳንዱ ያወርደዋል። ድምፃችሁ ደህና ከሆነ አንድ ምዕራፍ በስልካችሁ ቀድታችሁ ልቀቁ። ዐረብ አገር ያሉት የወሎ ልጆች ሥራ እየሠሩ ይሰሙታል። ከዚያ "እናቴ ጋ አንድ አድርስልኝ" እያሉ ብር ይልካሉ። ኮፒዎቼን ከምረቃው ይልቅ የጨረሰልኝ ይኸው ነው፣ ማድረሱ ቢያደክምም። አንዱን ሐይቅ ድረስ በባጃጅ ወስጄያለሁ።

ሁለተኛው ሕትመት

100 ኮፒ ሲቀራችሁ የታረመውን ፋይል አዘጋጁ። አንባቢ የነገራችሁን ስሕተት ሁሉ በአንድ ደብተር መዝግባችሁ ቆዩ፤ እኔ 43 ደረሰልኝ፣ የቧን ሳልቆጥር።

ከመጀመሪያው ሕትመት ደግሞ አምስት ኮፒ ደብቁ። እኔ አልደበቅኩም፣ እስከ መጨረሻው ሸጥኩት። አምና አንድ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንባቢ ጋ ሄጄ ያለህን ሽጥልኝ አልኩት። መጽሐፉን ገልጦ ገጽ 11ን አሳየኝ። "ይሄ 'ን ውሃ' የሚለው አይደል? እሱማ አልቋል፤ ውድ ነው" አለኝ። በእጥፍ ዋጋ ገዛሁት።